ጎልፍ ጂቲአይ ቤንዚን ትጠጣለች ወይ?

መኪናዋን ያየ ሐበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። "ቤንዚን ላይ እንዴት ናት?" ይለኛል። ሰው ቤት ቡና ልጠጣ ስገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መኪና ሳቆምም ያው ጥያቄ ነው። መልሴ ደግሞ ማንንም አያረካም። "እንደ መንገዱ ነው" ስላቸው የሸሸኋቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልጻፈውና ከዛሬ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ።

መኪናዋ የ2022 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ማንዋል ናት፣ ስድስት ማርሽ አላት። ሞተሯ ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ነው፣ 241 የፈረስ ጉልበት አለው። ከውጭ ላያት ባለ አምስት በር የቤት መኪና ናት። የልጅ ወንበር ይገባታል። ከኋላ የጤፍ ከረጢት፣ ጋሪና የሳምንቱን አስቤዛ ትችላለች። ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ግን ጸባይዋ ይለወጣል። እንዲህ ያሉትን ፈረንጆቹ "ሆት ሃች" ይሏቸዋል። የዘሩ ዝና የገነነው በዚችው በጎልፍ ነው። የመጀመሪያዋ ጂቲአይ በ1976 ጀርመን ውስጥ ስትወጣ 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ያኔ ጉድ ተብሎላታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። አዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ለእኔዋ በከተማ 24፣ በሀይዌይ 34፣ በአማካይ 28 ማይል በጋሎን ይላል። አገር ቤት በለመድነው ስሌት ሲመነዘር በከተማ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሀይዌይ 14.5፣ በአማካይ ደግሞ 12 ልትደርስ ምንም አይቀራትም ማለት ነው። ለ241 ፈረስ መጥፎ አይደለም። ቁም ነገሩ ያለው ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚመጣው ከኢፒኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ፈተና ነው። መኪናዋ ለፈተናው መንገድ አትወጣም። ቤት ውስጥ ጎማዎቿ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ሆነው ነው የምትነዳው። የኢፒኤ የከተማው ፈተና 11 ማይል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መኪናዋም 23 ጊዜ ትቆማለች። የሀይዌዩ ፈተና አማካይ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 48 ማይል ነው፣ ጣሪያው 60። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የከፍተኛ ፍጥነት፣ የኤሲና የብርድ ፈተናዎች ተጨምረው ቁጥሩ ወደ እውነቱ ተጠግቷል። እንደዚያም ሆኖ፣ በ48 ማይል አማካይ የሚሄድ ሀይዌይ ዲሲ አካባቢ ካለ ንገሩኝ። ወይ በ80 ትበራለህ፣ ወይ በ8 ትሳባለህ።

እኔ የምለካው በድሮው ዘዴ ነው። ማደያው ላይ ቧንቧው ራሱ "ቀጭ" ብሎ እስኪዘጋ እሞላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልጨምርም። የጉዞውን ቆጣሪ ዜሮ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ስሞላ የሄድኩትን ማይል በገባው ጋሎን አካፍላለሁ። ሲቻል ያው ማደያ፣ ያው ቧንቧ። ዳሽቦርዱ ራሱ አስልቶ የሚያሳየው ቁጥር አለ፣ ግን በእኔዋ ከማደያው ስሌት አንድ ወይም ሁለት ማይል ከፍ ብሎ ነው የማየው። ይሄ የጎልፍ ብቻ ጸባይ አይደለም። ብዙ መኪኖች ለባለቤታቸው ትንሽ ደስ የሚል ነገር መናገር ይወዳሉ። እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች የማደያው ናቸው።

በመጥፎው ልጀምር። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሥራዬ ዲሲ። ርቀቱ አሥር ማይል አይሞላም። ከዱክ ስትሪት ተነስቼ 395 ሀይዌይ እገባለሁ። ሸርሊንግተን እስክደርስ መንገዱ ይተነፍሳል። ፔንታጎን ጋ ይታነቃል። አሥራ አራተኛው ጎዳና ድልድይ ላይ ደግሞ ሁላችንም ተያይዘን እንቆማለን። የኢፒኤው 23 ማቆሚያ ድልድዩን ሳልሻገር ነው የሚያልቀው። በዚህ መንገድ የማገኘው በጋሎን 22 ማይል ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆንና መንገዱ ሲቀል 24 ትነካለች። 22 ማለት በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም።

ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። መኪናዋ ወደ 1,400 ኪሎ ትመዝናለች። ይህን ክብደት ከቆመበት ለማስነሳት ቤንዚን ትከፍላለህ። አሥር ሜትር ሄደህ ፍሬን ስትይዝ የከፈልከው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ከዚያ እንደገና ትከፍላለህ። ሃይብሪድ መኪና ከዚሁ ብክነት ከፊሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የፕሪየስ ምስጢር ይኸው ነው፣ ፕሪየስ የሚነዱ ወገኖቻችን ትራፊክ ውስጥ ተረጋግተው መዝሙር የሚሰሙትም ለዚህ ነው። እኔ ያንን ሙቀት ለፖቶማክ ወንዝ አየር እለግሳለሁ።

ትንሽ የሚረዳ ነገር አለ። ፊት ለፊት ካለው መኪና ራቅ ብዬ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ መሳብ። የዚህ ሞተር ትልቁ ጸጋ ጉልበቱን ከታች መስጠቱ ነው። ነዳጅ ሳትረግጥ፣ ፍሪሲዮን ሳታቃጥል በሰው እርምጃ ትሄዳለች። ችግሩ ክፍተት ባየ ቁጥር ዘው የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ይግባ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን በጫንኩበት ቀን ደግሞ ሦስት ስለሆንን፣ ኢዚ ፓስ ፍሌክሱን (የመንገድ ክፍያ መሣሪያዋን) ቀየር አድርጌ ኤክስፕረስ ሌኑን፣ የሚከፈልበትን ፈጣን መስመር፣ በነጻ እጠቀማለሁ። በዚያ መስመር መኪናዋ ሳትቆም ትሄዳለች፣ ቁጥሩም 29 ይገባል። ያው መኪና፣ ያው ሰፈር፣ ያው ሹፌር።

ስለ ማቆሚያው ሞተር ማጥፊያም ልንገራችሁ። ትራፊክ መብራት ላይ ሞተሯ በራሷ የምትጠፋበት ዘዴ አላት። ማንዋሏ ላይ ግን ይህ የሚሠራው ማርሹን ፎሌ አድርገህ (ከማርሽ አውጥተህ) ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ መብራት የሚጠብቅ ሰው መቼም አይጠፋለትም፣ "ይሄ ነገር አይሠራም" ብሎም ያማል። ፎሌ አድርግ፣ እግርህን አንሳ፣ ጸጥ ትላለች። ፍሪሲዮኑን ስትነካ ትነሳለች። ኪንግ ስትሪት ላይ ያሉት ረጃጅም መብራቶች ጋ ይጠቅማል። 395 ላይ በየአሥር ሜትሩ ስትጠፋና ስትነሳ ግን ራስ ምታት ነው፣ እዚያ አጠፋዋለሁ።

አሁን ወደ ደጉ። ጁላይ አራት ሰሞን የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ፌስቲቫል አትላንታ ሲሆን፣ ከዚህ ሰፈር ግማሹ ሰው ወደዚያ ይነጉዳል። እኛም በመኪና ነው የወረድነው። 640 ማይል ገደማ ነው። 95 ሀይዌይን ይዘን ሪችመንድን አለፍን፣ ፒተርስበርግ ላይ ወደ 85 ሀይዌይ ተቀየርን። ከፒተርስበርግ እስከ ደርሃም ያለውን መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ግራና ቀኙ ጥድ ነው፣ ሰው የለም፣ ከባድ መኪናም ጥቂት ነው። ስድስተኛ ማርሽ ውስጥ ከትቼ 65 እና 70 መሃል አደረግኋት። ሞተሯ ሥራ ላይ ያለች እንኳ አትመስልም።

ሳውዝ ካሮላይና ቤንዚን ከቨርጂኒያ ስለሚረክስ እዚያ ሳልደርስ አልሞላም ብዬ ወሰንኩ። የመኪናዋ ታንከር 13.2 ጋሎን ነው የሚይዘው። ሻርለት ስንደርስ የነዳጁ መብራት በራ። ባለቤቴ መብራቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ከመብራቱ በላይ ያስጨንቅ ነበር። ጋፍኒ የምትባል ከተማ ጋ በኮክ ፍሬ መልክ የተሠራ ትልቅ የውሃ ጋን አለ፣ ከሀይዌዩ ዳር ነው፣ ከሩቅ ይታያል። እሱን አልፈን ወጣንና ሞላን። 442 ማይል፣ 12.2 ጋሎን። አካፍሉት፣ 36.2 ይመጣል። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ከምናምን መሆኑ ነው። መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው 34 በላይ። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭና፣ ኤሲ ከፍታ።

መመለሻው ሌላ ታሪክ ነበር። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ሰኞ ሥራ አለ። ከጆርጂያ እስከ ኖርዝ ካሮላይና 78 አካባቢ ነዳሁ። ቁጥሩ 31 ወረደ። ይሄ ሰው የማያምነው ነገር ነው፣ አየር እኮ ዓይን ላይ የማይታይ ነገር ነው። ከ65 ወደ 80 ስትወጣ ፍጥነትህ የጨመረው ሩብ እንኳ አይሞላም፣ የአየሩ ግፊት ግን በግማሽ ይጨምራል። መኪናዋ ቱርቦ ስለሆነች ያንን ግፊት አትሰማውም፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች። የምትሰማው ማደያው ላይ ነው።

ግን ሒሳቡን እንሥራው። ለ640 ማይል በ36 እና በ31 መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ጋሎን ነው። በፕሪሚየም (በውዱ ቤንዚን) ዋጋ 12 ዶላር ቢሆን ነው። ያተረፍኩት ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ። ከኋላ "ደረስን ወይ?" እየተባለ ለሚነዳ አባት ይህ በጣም ርካሽ ዋጋ ነው። ሳልሰስት እከፍለዋለሁ። ቨርጂኒያ ድንበር ስንገባ ግን እግሬን አነሳሁ። እዚህ ክፍለ ሀገር በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ ፍርድ ቤት ያስቀርባል። ራዳር የሚያሸት መሣሪያም ክልክል ነው። በእኔ ግምት የቨርጂኒያን ቤንዚን እንደዚህ ሕግ የቆጠበው የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የባለቤቴ ወንድም "ፖርቶመጋላ እናስርባትና ሻንጣውን ከላይ እናድርገው" ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት። የመንግሥቱ የነዳጅ ድረ ገጽ ራሱ ጣሪያ ላይ ትልቅ ሣጥን መጫን በሀይዌይ ከ6 እስከ 17 በመቶ ያስበላል ይላል። ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ሄደ።

ክረምት። ዲሲ አካባቢ ጃንዋሪ ላይ መኪናዋን በጋ የሚያውቃት ሰው አይለያትም። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ደርሶ መልስ ሦስት ማይል ነው። ለሦስት ማይል ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ዘይቱ ወፍሯል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ቤንዚን ያበዛል። የኋላ መስታወት ማሞቂያ፣ የወንበር ማሞቂያ፣ የመሪ ማሞቂያ፣ ሁሉም በርቷል። እንዲህ ባለ ሳምንት 18 አይቻለሁ። መንግሥት በሚያወጣው መረጃም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ባለ ብርድ አጭር ጉዞ የምትሄድ የቤንዚን መኪና እስከ ሩብ የሚደርስ ልታጣ ትችላለች። በረዶ ቀን ሞተር አስነስቶ ቤት ገብቶ ሻይ የሚጠጣ ጎረቤት አለኝ። እሱ እንግዲህ ዜሮ ማይል በጋሎን ነው የሚያገኘው። ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል።

ብርድ ጎማውንም ያኮማትረዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር የጎማው የአየር ግፊት አንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ኦክቶበር ላይ ነፍቶ እስከ ማርች የረሳ ሰው ባልተነፋ ጎማ ነው የሚነዳው። የሹፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ትክክለኛው ነው፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው አይደለም።

አጎቴ በቁጥሮቼ ሁሉ ይስቃል። አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነድቷል፣ እዚህም መጥቶ ዲሲ ውስጥ ዕድሜውን በታክሲ ነው የጨረሰው። ጂቲአይዋን መጀመሪያ ያየ ቀን ዞር ዞር አላትና፣ "አንተ ልጅ፣ በዚህ ገንዘብ ካምሪ ሃይብሪድ አይመጣም ነበር?" አለኝ። "ይመጣ ነበር ጋሼ" አልኩት። "ታዲያ?" አለኝ። አንድ ቅዳሜ አስቀምጬው ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳሉት የሸናንዶዋ ተራሮች ወሰድኩት።

ስካይላይን ድራይቭ ተራራው ጀርባ ላይ የተዘረጋ 105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ገደቡ 35 ነው። ሁልጊዜ ሽቅብና ቁልቁል ስለሆነ ቤንዚን የሚፈጅ ይመስላል። ተቃራኒው ነው። 35 ላይ አየሩ አይገፋህም፣ የሚያስቆም መብራት የለም። ሽቅቡ የወሰደውን ቁልቁለቱ ይመልሳል። በዚያ መንገድ 34 አገኛለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ አጎቴ ዝም ማለት አቃተው። "ፎሌ አድርጋት እንጂ!" አለኝ። የድሮ ልማድ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በፎሌ ያልወረደ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ የለም። በካርቡሬተር ዘመን ነገሩ ስሌት ነበረው፣ ምክንያቱም ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ቁልቁለት ላይም ቤንዚን መሳቡን አያቆምም። የዛሬው ሞተር ግን ሌላ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ፎሌ ካደረግከው ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት አለበት። በፎሌ መውረድ እንግዲህ ዛሬ ያስበላል፣ ፍሬኑን ማጋሉ ሳይቆጠር። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። "አባይ በረሃን በፎሌ ወርጄ አለሁ" አለኝ። ክርክሩ እዚያ አበቃ።

ስንወርድ በ211 ቁጥር መንገድ ወደ ስፐሪቪል ወረድን፣ ምሳ በላን፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ተመለስን። ከስፐሪቪል ወደ ቶርንተን ጋፕ የሚወጣው ዳገት ጠመዝማዛ ነው። ሦስተኛ ማርሽ። ከመታጠፊያው ስትወጣ ነዳጁን ትሰጣታለህ፣ ቱርቦው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ቧጭረው ይይዙታል። በሕጉ ፍጥነት እንኳ ሰው ያስቃል። በዚያ ዳገት ላይ ያለችው ጂቲአይ በጋሎን 15 ማይል ነው የምትሄደው። አጎቴ እጀታውን ይዞ "በስመ አብ" አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ስለ ካምሪው ከዚያ ወዲህ አላነሳም። ስለ ቤንዚኑ ግን ያነሳል።

እስቲ ስለ ብር እንነጋገር። መኪናዋ ላይ ፕሪሚየም ቤንዚን ይመከራል። ይመከራል ማለት ግዴታ ነው ማለት አይደለም። 87 ኦክቴኑን ሬጉላር (ርካሹን) ብትሞላላት ሞተሩ ራሱን እያዳመጠ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፣ ትሄዳለች። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ለ395 ግርግር ሬጉላሩ በቂ ነው፣ የቁጥር ልዩነትም አላየሁበት። ለበጋ ሙቀትና ለዳገት ግን ፕሪሚየም ነው የምሞላው፣ ሞተሩ ላይ ለስለስ ማለቱ ይታወቃል። ማደያው ላይ የምንቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል አለበት፣ እሱም ከንጹሕ ቤንዚን ሲነጻጸር ሦስት በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይሄንን ማንም አያመልጠውም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዓመት 12,000 ማይል ነዳን እንበል። ሬጉላሩን በጋሎን 3.30፣ ፕሪሚየሙን 4.20 እንያዘው። ጂቲአይ በ28 አማካይ ፕሪሚየም ብቻ ብትጠጣ በዓመት 1,800 ዶላር ትፈጃለች። በአማካይ 52 የምትሄደው የቀድሞዋ ፕሪየስ በሬጉላር 760 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ ወደ 1,040 ነው፣ በወር 87 ዶላር አይሞላም። ኡበር ለሚነዳ ሰው፣ በዓመት 40,000 ማይል ለሚሄድ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የቤት ኪራይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ዘግቶ ፕሪየሱን ይግዛ። እንደ እኔ ቢሮና ቤት ብቻ ለሚመላለስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን 87 ዶላር በወር ከብዙ ሱስ ይረክሳል። ሬጉላር ካደረግኩት ደግሞ ልዩነቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል።

ከእኩዮቿ ጋር ስትተያይ ጂቲአይ ቆጣቢዋ ናት ማለት ይቻላል። የቶዮታ ጂአር ኮሮላ በወረቀት አማካይዋ 24 ነው፣ የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርም 24። ሁለቱም ከእሷ ይፈጥናሉ። ወንድሟ ጎልፍ አር በማንዋል 23 ነው፣ ለአራት ጎማ ስበቱ የሚከፈል ዋጋ ነው። የምትበልጣት ሲቪክ ኤስአይ ናት፣ 31። እሷ ግን 200 ፈረስ ናት፣ የ2022ቷም ሴዳን ስለሆነች የሕፃን ጋሪ ከኋላ ሲገባ መታገል አለ። ሁሉንም ነድቼ እኔ የመረጥኩት መሃሏን ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሁሉ ስሌት በስልክ ስነግረው አያዳምጠኝም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እሱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። "ቤንዚን አሁንም ትሞላላችሁ እንዴ?" ይለኛል። መብራት የጠፋ ቀን ነው እኔ የምደውልለት።

ስለ ቀሪው ነገር በአጭሩ። የወንበሮቹ ልብስ ከ1976 ጀምሮ የመጣው ባለ አራት ማዕዘን የስኮትላንድ ጥለት ነው፣ በበጋም አያቃጥልም፣ ቆዳውን አትመኙ። መሪው ትክክለኛ ነው። የ18 ኢንቹ ቸርኬ ለዲሲ ጉድጓድ ይበቃል፣ ባለ 19ኙ ግን ጎማው በጣም ቀጭን ነው፣ ክረምት ሲያልፍ አስፋልቱ ላይ የሚፈጠረውን ጉድጓድ ለሚያውቅ ሰው አልመክርም። የ2022ቷ የድምፅና የሙቀት መንኪያዎች በጣት የሚዳበሱ ናቸው፣ ማታ ደግሞ ብርሃን የላቸውም። የ2025ቷ ላይ ብርሃን ተጨመረላቸው፣ መሪው ላይም እውነተኛ ቁልፍ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ግን አሜሪካ ውስጥ ማንዋሉ ቀረ። ሰው አንድ ነገር ሲሰጥህ ሌላ እጁን ኪስህ ውስጥ መፈለግ ነው።

ማንዋል የሚፈልግ እንግዲህ ከ2022 እስከ 2024 ካሉት ያገለገሉትን መፈለግ አለበት። ልታዩ ስትሄዱ ዳሽቦርዱ ላይ የረጅም ጊዜ አማካይ ፍጆታ የሚያሳይ ገጽ አለ፣ እሱን አስከፍቱ። 27 እና 28 ካለ መኪናዋ መደበኛ ሕይወት ኖራለች። 19 ወይም 20 ካለ ወይ ባለቤቱ ሁልጊዜ ሁለት ማይል ብቻ እየሄደ በብርድ ያጠፋት ነበር፣ ወይ መብራት በበራ ቁጥር ይሽቀዳደም ነበር፣ ሁለቱም ለሞተር ጥሩ አይደለም። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ፈትኑት፣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የፊት ጎማዎቹ ምን ያህል እንዳለቁም ከኋላዎቹ ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ሻጩን መቼና ለምን እንደሰረዘው ጠይቁት፣ መልሱን ከመስማታችሁ በፊት ግን ፊቱን እዩ።